የኤልያስ የውሃ ቦርሳ

ማክሰኞ

"ኦሪጅናል ነው" አለኝ። ሚዛን ከተማ ውስጥ ኦሪጅናል ያልሆነ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመኝም። ባለ ሱቁ ሸምሱ ቦርሳውን አቅፎ "ቲቸር፣ ውሃው ጀርባሽ ላይ፣ ቱቦው አፍሽ ጋ፤ እጅሽን ከሳይክሉ መሪ ሳታነሺ ትጠጫለሽ" ይለኛል። ውስጡ ያለውን የውሃ ላስቲክ አውጥቼ አሸተትኩት። አዲስ ጫማ ጫማ ይሸታል። ታዲያ አዲስ ከሆነ ስፌቱ ለምን ተተረተረ? "መንገድ ላይ ነው" አለ። ምን ዓይነት መንገድ ነው ስፌት የሚተረትር? አልገዛሁም።

ግን ያስፈልገኛል። ባለፈው ወር ከጓደኞቼ ጋር በሳይክል ስንሽቀዳደም በቡናው ጫካ ዳገት ላይ ወገቤን ይዤ የወደቅኩት የኩላሊት ጠጠር ሆኖ ነው። አንዲት ቡና ለቃሚ ናት ውሃ ሰጥታ ያነሳችኝ። ሐኪሙ "ቶሎ ቶሎ ካልጠጣሽ ሳይክሉን እርሺው" ብሎኛል። ሃይላንድ ይዤ ሞክሬያለሁ፤ ድንጋያማው መንገድ ላይ አንድ እጄን ከመሪው ካነሳሁ መውደቄ ነው፣ ስለዚህ ሳልጠጣ እመለሳለሁ። እሁድ ወደ ቴፒ እንነዳለን። እማዬ ሳይክሉን ለመሸጥ ሰበብ ብቻ ነው የምትጠብቀው።

ረቡዕ

ኤልያስ ቤት ድረስ መጣ። ትምህርት ቤታችን ፊዚክስ የሚያስተምረው፣ አብሮን የሚነዳው። የራሱን የውሃ ቦርሳ አምጥቶ "እሁድ በዚህ ንጂ" አለኝ። አንተስ? "ግድ የለሽም፣ ለእኔ አታስቢ።"

ግድ የለሽም! አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ሳይለምኑት ደብተሩን የሚያውስ ተማሪ የሆነ ነገር አለው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ወይ ያፈሳል። ወይ ሻግቷል። ወይ ሌላ ነገር ፈልጎ ነው። ሦስተኛውን ለእማዬ አልነገርኳትም።

ሐሙስ

ሞላሁት። ገልብጬ ሰቀልኩት። ተቀመጥኩበት። አንድ ጠብታ የለም! በቱቦው ጠጣሁ፤ ውሃ ውሃ ይላል። ይሄ ደግሞ ይባስ አሳሰበኝ። እንዲህ ደህና ዕቃ ለምን ይሰጠኛል?

ሸምሱ ጋ ተመለስኩ። ስፌቱን አሰፍቶታል። እኔ ሳልጠይቀው ውሃ ሞልቶ ገበያተኛው ፊት ተቀመጠበት። "ቲቸር፣ አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ አምጣ ትይዋለሽ" አለኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ገዛሁት። የሸምሱን ሐሳብ ቢያንስ አውቀዋለሁ፣ መሸጥ ነው።

የኤልያስን ለእማዬ ሰጠኋት፣ ነገ በቤቱ በኩል ስታልፍ እንድታደርስልኝ።

ቅዳሜ

ኤልያስ በጠዋት ደወለ። "ቦርሳዬ ውስጥ ምን አስገባሽ?" ምንም! "ነይና እዪው።"

ሄድኩ። የውሃው ላስቲክ ሆዱ ተነፍቷል። የጌጫ ነጭ ማር፣ እስከ አፉ። ቱቦው ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ረግቷል።

እማዬ ስጮህባት ምንም አልመሰላት። "የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ምን ዓይነት እናት አሳደገቻት ይበሉኝ? ክዳን አለው፣ ሞላሁለት።"

ኤልያስ ግን ከጉዞው ላስቀረው ብዬ ያደረግኩት መስሎታል። ምዬ ነገርኩት፣ አላመነኝም። እስከ ዛሬ ጠርጥሬ እንጂ ተጠርጥሬ አላውቅም ነበር። ያቃጥላል ለካ! ከእማዬ ጋር ግማሽ ቀን በሙቅ ውሃ አጠብንለት። ላስቲኩ ጸዳ፣ ቱቦው ግን እምቢ አለ። ንብ ደግሞ ግቢውን ወረረው።

እሁድ

ኤልያስ ሁለት ሃይላንድ ሳይክሉ ላይ አስሮ መጣ። ከዳገቱ በፊት ሁለቱም ተፈትተው ገደል ገቡ። እኔ በየደቂቃው እጠጣለሁ፣ ወገቤ ደህና ነው። ዳገቱ አናት ላይ ስደርስ ኤልያስ ከንፈሩ ደርቆ መሬት ላይ ተቀምጧል። ቱቦዬን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ ሳበና አቆመ።

"ለምን እንደሰጠሁሽ ጠርጥረሻል፣ አይደል?"

"አዎ።"

"ያን ቀን ከኋላሽ ነበርኩ። ስትወድቂ አይቻለሁ። ቦርሳዬ ሙሉ ነበር። ቀድሜ ልግባ ብዬ አልፌሽ ሄድኩ።"

እኔ ስንቱን ጠርጥሬ ይሄን አልጠረጠርኩም። ቱቦውን ከአፉ ልነጥቀው ፈለግኩ፣ እግዜር ይየኝ፣ እጄ ተዘርግቶ ነበር። የደረቀ ከንፈሩን አየሁ።

"ጠጣ" አልኩት።

ቴፒ እስክንገባ እየተፈራረቅን ጠጣን። ይቅር ብዬው እንደሆነ ጠየቀኝ። ገና አላወቅኩም አልኩት፤ እውነቴን ነው።