ሸሚዝ እስኪለበስ

ኩህሞ፣ ፊንላንድ
ኖቬምበር 11

ለምወድህ ልጄ ለአርቱ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ሊዝበን ገና ፀሐይ ነው ማለትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እዚህ ሐይቁ በረዶ መያዝ ጀምሯል። በወረቀት የምጽፍልህ ስልክ ጠፍቶኝ አይደለም። በስልክ የነገርኩህ ነገር ማን ጆሮ እንደሚገባ ስለማላውቅ ነው። እባክህ ይችን ደብዳቤ ፎቶ አታንሳት።

አባትህ ከቤት ከወጣ ሁለተኛ ሳምንቱን ያዘ። ጀልባዋን ቀዝፎ ደሴቷ ላይ ካለችው ጎጇችን ገባ፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ነው የሄደው። አሁን በረዶው ለጀልባ ጠንክሯል፣ ለእግር ግን ገና ስስ ነው። እሱ መምጣት፣ እኔም መሄድ አንችልም። ጠዋት ጠዋት በመስኮት ጭሱን አይቼ በሕይወት እንዳለ አውቃለሁ። ጎረቤቶች የነፍስ አድን ሰዎች እንጥራ ብለውኝ ነበር፤ ጋዜጣ ላይ ይወጣል ብዬ ፈርቼ እምቢ አልኩ። ልክ ልሁን አልሁን እንጃ፣ ጨንቆኛል ልጄ።

በበጋ መጥተህ፣ አንተና አባትህ ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያችን ወጥታችሁ ገና ሸሚዝ ሳትለብሱ ደረጃው ላይ ስትቀመጡ፣ ስልክህን ወደ ሐይቁ አዙረህ የጀንበሯን መጥለቅ ትቀርጽ ነበር አሉ። እሱ ደግሞ የአጎትህን የቬይኮን አሟሟት ነገረህ። ሙዚቃ አድርገህበት በኢንተርኔት ለዓለም ለቀቅከው። "ፊቱ እኮ አይታይም እማዬ፣ ድምፁ ብቻ ነው" አልከኝ። ያንን ድምፅ በአደን ወቅት ሁሉ አዳኞቹን በሬዲዮ ሲያዝዝ የማያውቅ በዚህ አካባቢ ማን አለ? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

አክስትህ ሲርካ የባሏን አሟሟት የሰማችው ሱቅ ተሰልፋ፣ ከፊቷ ከቆመች ልጅ ስልክ ነው። የሐይቁ በረዶ ተሰብሮ ወዲያው ዋጠው ተብላ ነበር ይህን ሁሉ ዘመን የኖረችው። እቤት መጣች፤ ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

"ታውኖ፣ ቬይኮ ስምህን ጠርቶ ነበር?" አለችው አባትህን።

"ጠርቶኛል።"

"ገመዱስ?"

"ለቀቅኩት። እኔንም ይዞኝ ሊገባ ነበር።"

ትታው ወጣች። እኔም ላጽናናው ብዬ፣ "ልጁ 'ከሳውና ወጥተን ነበር' ይላል፤ የሳውና ወሬ ከሳውና እንደማይወጣ ያውቃል፣ ውስጥማ ቢሆን አይቀርጽም ነበር" አልኩት። ኮቱን እየለበሰ፣ "ሳውናው የሚያልቀው ሸሚዝ ሲለበስ ነው። ይህን ሳላስተምረው ቀርቼ ነው?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከራሱ አፍ ድምፁን አልሰማሁም።

ሰው ወዶታል፣ አልቅሶለታል ትለኛለህ። የጻፉትን አንብቤዋለሁ፣ ደግ ሰዎች ናቸው። ግን ነገ ሲርካን መንገድ ላይ የምናገኛት እኛ ነን። አንተ በክፋት እንዳላደረግከው አውቃለሁ፤ አባትህ ሲናገር ሰምተህ ስለማታውቅ ተደነቅክ። ቢሆንም አጥፋው ልጄ። ዛሬውኑ አጥፋውና ና። ስልክህን ለእኔ ሰጥተህ ሐይቁ ዳር ቁምለት፤ ያይሃል።

ሌላም ልንገርህ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እኔም ይህን የሰማሁት ከማላውቀው ሕዝብ ጋር እኩል ነው። አንድ አልጋ ላይ እያደርን አንድ ቀን አልነገረኝም። በበጋው ድምፅ ውስጥ ግን፣ "ለኤይላ ልንገራት ብዬ ስንቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ" ይላል። በሩን ዘግቼ፣ ስሜን የጠራባትን እዚያችን ቦታ እየመለስኩ እሰማታለሁ። እሱ ቢያውቅብኝ ምን ይለኝ ይሆን?

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ይሰውርህ። አባትህንም ይጠብቅልን።

እናትህ ኤይላ

አጥፋው ያልኩህን አትርሳ። ግን ከማጥፋትህ በፊት ስሜን የጠራባትን ቆርጠህ ላክልኝ። ለማንም አላሰማም።