ያልተቀመጠው ሽማግሌ

እንጅባራ፣ ጥቅምት 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የዳንግላ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ አይደለሁም። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፄ ይከዳኛል። እባክሽ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። ጢሜ ያለ ዕድሜው ስለሸበተ ያየኝ ሁሉ ሽማግሌ ያደርገኛል፤ እኔም አላሳፈርኳቸውም። ዘመድ ለሌለው ሙሽራ የኪራይ አጎት እየሆንኩ፣ የሌለ ርስት እያወረስኩ፣ ያልተወለደ በሬ እየጠመድኩ ስንቱን ዳርኩ። አንቺ የእግዜርን ቁጣ ስታስታውሺኝ እስቅ ነበር።

አብሮኝ የሚኖረውን ዓለምነውን በወሬ ታውቂዋለሽ፤ የጫግኒ መስመር ሚኒባስ የሚነዳው። ዘንድሮ የሰፈሩ ቀልድ መረረ። ሚስት የማታገቡት ምን ሆናችሁ ነው ይሉናል፣ ሳይስቁ፣ ትክ ብለው እያዩን። አንድ ቀን በራችን ላይ ድንጋይ አረፈ። ዓለምነው ፈራ፤ ላግባ አለ። ዘመድ የለውም፤ ሽማግሌ ማን ይሁንለት? እኔው። ከምቀብረው ብድረው ይሻለኛል ብዬ እሺ አልኩት።

ጋቢ ተውሼ፣ ከዘራ ይዤ፣ እንደኔው ያሉ ሁለት የኪራይ ሽማግሎች አስከትዬ ግምጃ ቤት ከተማ፣ ከመረጣት ልጅ አባት ከአቶ ገብረ ማርያም ቤት ሄድኩ። እንደ ወጉ፣ እሺ ካላሉን አንቀመጥም ብለን ቆምን። ወገኑን ሲጠይቁኝ እንደ ልማዴ አጎቱ ነኝ ብዬ ዋሸሁ። ጠባዩስ ሲሉኝ ግን፣ እታለም፣ ውሸቱ ጠፋኝ። ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን፣ በግ መንገድ ከዘጋበት ሞተር አጥፍቶ እንደሚጠብቅ፣ ተቆጥቶ ያደረ ቀን እንኳ የኔን እራት ከድኖ እንደሚያስቀምጥ፣ ሲተኛ መዳፉን ከጉንጩ ስር እንደሚያደርግ ተናገርኩ። አባትዮው እንዲህ የተመሰከረለትንማ አልመልስም ብለው ልጃቸውን ፈቀዱ፤ ተቀመጡም አሉን። ሁለቱ ተቀመጡ። እኔ ግን ነፋስ ልቀበል ብዬ ሳልቀመጥ ወጣሁ።

እናቲቱ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ተከትለውኝ አጥሩ ስር ቆሙ።

«አጎቱ አይደሉም» አሉኝ ቀስ ብለው።

ቢጮኹ የመንደሩ ዱላ አለ፤ ከዱላው ብተርፍ እስር ቤት አለ።

«እኔም ሽማግሌ ልሁንብዎ፤ እሺ ካላሉኝ ከዚህ አልነቃነቅም» አሉ። «ልጄን ይተዉልኝ። ሰውዎን ይዘው ይሂዱ።»

እሺ አልኳቸው። በዕድሜዬ ሳልዋሽ የገባሁት ቃል እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ለዓለምነው ስነግረው መሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ አፉን በሌላው ሸፈነ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላየሁም።

ሴትዮዋ እስከ መቼ ዝም እንደሚሉ አላውቅም። ባጃጅ ደጃችን በቆመ ቁጥር ልቤ ትቆማለች። ቅዳሜ ወደ አንቺ እንመጣለን። የራስህን ሰው መቼ ነው የምታሳየኝ ትይኝ አልነበር? ጎረቤት ከጠየቀ ያጎቴ ልጅ ነው እላለሁ፤ አንቺን ግን መዋሸት ደከመኝ። ሁለተኛ አልጋ ፍለጋ ሰው ቤት አትሂጂ፤ አንዱ ይበቃናል።

ከሁሉም የምፈራው አንቺን ነው። በርሽን ገርበብ ብሎ ካገኘሁት እገባለሁ። ተዘግቶ ካገኘሁት አላንኳኳም፤ አልቀየምሽምም።

እግዜር ወገብሽን ይጠግንልሽ፤ ደጅሽንም አይዝጋው።

አዝለሽ ያሳደግሽኝ ወንድምሽ