ለጎጎ የጮህኩት ለቅሶ

ማክሰኞ

ጎጎ ሞቱ። ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ፣ የሚላቸው፣ ከሱቃችን ፊት ለፊት በየጠዋቱ ማግዊኛ የሚጠብሱት አሮጊት። ማግዊኛ የኛው አገር ሻይ ቤት ብስኩት ማለት ነው፤ እሳቸው ግን የሚያበሉኝ አቻር በሚባል የሚያቃጥል የማንጎ ማባያ ነበር። እዚህ ደቡብ አፍሪካ ስመጣ የዙሉ ቋንቋ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። «ሳኡቦና ሳትይ ዳቦ አትሽጪ፤ ሰው መጀመሪያ ሰላም ይባላል» እያሉ ይቆጡኝ ነበር።

እንደሰማሁ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሮጥኩ። ከበራቸው ጀምሬ ጮህኩ፣ ደረቴን ደቃሁ፣ እንደ አገሬ። ለካ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሴቶቹ ሻማ አብርተው ቀስ ብለው ይዘምራሉ። ልጃቸው ታንዲ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። «እናቴ ላይ ትያትር ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። ወይኔ! ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ።

ረቡዕ

ባለቤቴ ማቴዎስ «ተይው፣ የሰው አገር ነው፣ ሁለተኛ እንዳትሄጂ» ይላል። እሱ ምን አለበት! አምና የእናቴ መርዶ ከአገር ቤት፣ ከሆሳዕና፣ በስልክ ሲመጣ እሱ ጆበርግ ዕቃ ሊጭን ወጥቶ ነበር። ጎጎ ናቸው ፍራሼን ከአልጋ አውርደው መሬት ላይ ያነጠፉልኝ። እዚህ ቶኮዛ ሰፈር ሐዘንተኛ ሴት እንደዚያ ነው የምትቀመጠው። አጠገቤ ተቀመጡ። ቋንቋዬን አይሰሙም፤ ግን ስጮህ አንዴም ዝም በይ አላሉኝም። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለኝ አገሬ አልሄድኩም። እናቴን የቀበርኳት እዚያ ፍራሽ ላይ ነው።

ታዲያ ለእሳቸው ሳላለቅስ ልቅር? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። እኔ የቅርቡንም በጩኸቴ አጣሁት።

ዓርብ

የሰፈሩ ሴቶች ቢላ ቢላቸውን ይዘው በሱቁ በር አለፉ። ለነገው ቀብር አትክልት ሊልጡ ነው። ማንም ነይ አላለኝም።

አንድ ጆንያ ድንች ላክሁ። ታንዲ አልመለሰችውም። እሱም አንድ ነገር ነው።

ማግዊኛ ልጥበስ ብዬ ሞከርኩ፤ ድንጋይ ሆነ። እሱን እያየሁ ድምፅ ሳላሰማ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አሁን ቻልኩበት አይደል!

ቅዳሜ

ማቴዎስን አልሰማሁትም፣ ሄድኩ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆምኩ። ሳጥኑ ወረደ። ወንዶቹ አካፋ እየተቀባበሉ አፈር መለሱ። ታንዲ አንዲት እንባ አልወጣትም፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ዞር ዞር ብላ ሰው ፈለገች። የምትፈልገው እኔን ነው!

መጥታ እጄን ያዘች። «የዚያን ቀን እንዳለቀስሽው አልቅሺላት» አለችኝ። «እኔን እምቢ አለኝ።»

ጮህኩ። ለጎጎ ጮህኩ፣ ለእናቴም ጮህኩ፤ አንጀቴ እስኪበጠስ። ታንዲ ትከሻዬ ላይ ወድቃ አብራኝ ጮኸች። ማንም ዝም በሉ አላለንም።

ስንመለስ በራቸው ላይ ውሃ በሳፋ ተቀምጧል። ከመቃብር የመጣ ሰው ሳይታጠብ አይገባም። እኔ መግባት ፈርቼ ቆምኩ። ታንዲ እጄን ይዛ ውሃው ውስጥ ነከረችው።

እሁድ

ሱቅ ከፈትኩ። ከማዶ የዘይት ሽታ የለም። ልቤ ባዶ ነው።

ታንዲ ዳቦ ልትገዛ መጣች። ሳኡቦና ልላት አፌን ብከፍት ድምፄ የለም፤ ትናንት አልቋል። እሷ ቀደመችኝ። የእሷም ድምፅ እንደኔው ተዘግቷል፤ ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት። ዳቦውን ሰጠኋት።