የወረቀቱ ጀርባ

ጥር 6

ተራ ቀን። ጠዋት አራት ተለማማጅ ነርሶች መጡ፣ ስለ ሾክ፣ ደም ለሰውነት አልዳረስ ሲል ስለሚሆነው፣ ንገሪን አሉ። ደብተር ከፍተው ዓይነቶቹን በቁጥር ሊደረድሩ ሲሉ አስዘጋኋቸውና አልጋ ሦስት ጋ ወሰድኳቸው።

አቶ ደሳለኝ ናቸው፣ የጉባላፍቶ ገበሬ፣ ልባቸው የደከመ። እግራቸውን ንኩ አልኳቸው። ቀዝቃዛ። ልብ መግፋት ሲያቅተው ደም እግር ድረስ አይደርስም። ደም ወይም ውሃ ከሰውነት ሲያልቅም እግር ይቀዘቅዛል። መንገዱን የሆነ ነገር ሲዘጋውም እንዲሁ። ኢንፌክሽን ሲሆን ግን ሥሮቹ ይከፈቱና መጀመሪያ ላይ እግር ይሞቃል። ግፊቱ የሁሉም ይወርዳል፣ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ይኼው ነው ትምህርቱ።

የሽማግሌው ልጅ ከኋላችን ቆሞ ለምን ግሉኮስ አይሰቀልላቸውም ይላል። በሦስት ቀን ውስጥ ለስድስተኛ ጊዜ። እዚህ አገር ግሉኮስ ያልተሰቀለለት ሰው የታከመ አይመስለውም። ልባቸው ያለውንም መግፋት አቅቶታል፣ ብንጨምርበት ሳንባቸው ውስጥ ነው የሚቀረው አልኩት። አልገባውም። አባትየው ግን «ተው አንተ፣ እሷ ታውቃለች» አሉት።

ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ… አሥራ ሁለት ዓመት። ከመሣሪያው እጄን አምናለሁ።

ጥር 10

ነገ ጥምቀት። ባልደረባዬ ነርስ ረዲ ተረኛነቴን ሸፈነልኝ። ለአረፋ እኔ እሸፍንለታለሁ፣ እንደ ሁልጊዜው። ቀሚሴን ተኮስኩ።

ጥር 12

ጽፌው ልገላገል።

ግማሹ ሠራተኛ ከበዓል አልተመለሰም። ጠዋት አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ከውርጌሳ ጤና ጣቢያ አንዲት ሴት መጣች። ናጅዋ፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ካገባች ዓመት ያልሞላት። ድንገተኛ ክፍል አልጋ ስላልነበረ በቀጥታ እኛ ጋ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቧት። አማቷ ወይዘሮ ከድጃ አብረዋት ነበሩ። ባልየው ካርድ ሊያወጣ ሮጠ።

የጤና ጣቢያው ወረቀት ግማሽ ገጽ ነው። የታተመው ቅጽ ሲያልቅባቸው ባዶ ወረቀት ለሁለት እየቀደዱ ይጽፋሉ። ሆድ ቁርጠት ሁለት ቀን፣ ማስመለስ፣ በግል ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ተብላ መድኃኒት ጀምራለች፣ ዛሬ ራሷን ስታለች። አነበብኩና ካርዷ ውስጥ ከተትኩት።

ግፊት ሰማንያ በሃምሳ። የልብ ምት መቶ ሠላሳ። ትንሽ ትኩሳት። የኦክስጅን መለኪያውን ጣቷ ላይ ልሰካ ስል ጥፍሯ እንሶስላ ነው። የጥፍር ቀለም መለኪያውን እንደሚያሳስተው አውቃለሁና ጆሮዋ ላይ ሰካሁት። ዘጠና ሰባት። ጥሩ። እግሯን ነካሁ፣ ሞቃት። መዳፏን ገለበጥኩ፣ ቀይ።

ኢንፌክሽን ነው አልኩ። ዶክተር ሄኖክ ሌላ ክፍል ነበር፣ በስልክ ነገርኩት፣ እሺ ጀምሪ አለኝ። አንቲባዮቲክ፣ ፈሳሽ፣ ኦክስጅን። አንድ ሊትር ሲገባ ግፊቷ ዘጠና ደረሰ። ከዚያ ወረደ። ሁለተኛ ሰቀልኩ። መለኪያው ዘጠና ዘጠኝ ይላል። እኔ ቁጥሩን አያለሁ…

አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ወይዘሮ ከድጃ አፏን በእርጥብ ጥጥ ሲያርሱላት ቆይተው ቀና አሉ።

«ሲስተር፣ አፏ ውስጥ ደም የለም እኮ። ምላሷ ነጭ ነው።»

መዳፏ ቀይ ነው፣ አይዞዎት አልኳቸው።

መዳፏን አነሡት። «እሱማ እንሶስላ ነው። ለባሏ እህት ሠርግ እኔው ነኝ ያሞቅኳት።»

የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ሳብኩ። እንደ ወረቀት ነጭ። እግሯን ነካሁ። በረዶ። መቼ ቀዘቀዘ? አላውቅም፣ ደግሜ አልነካሁትማ። ያን ጊዜስ ለምን ሞቀ? ጠየቅኳቸው። ከውርጌሳ እስከ ወልድያ እግሯን በነጠላቸው ጠቅልለው ሆዳቸው ላይ አቅፈው ነው ያመጧት።

ሄሞግሎቢኗ፣ የደሟ መጠን፣ አራት፤ አሥራ ሁለት መሆን የነበረበት። በአልትራሳውንድ ሲታይ ሆዷ ደም ሞልቶታል። ፅንሱ ከማህፀን ውጭ፣ ቱቦው ላይ አድጎ አፈንድቶት ኖሯል። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ኦፕራሲዮን ገባች።

ጥፍሯን ጠርጥሬ መዳፏን አመንኩ። እንዴት ነው እንዲህ የሚሆነው? እኔው የወሎ ልጅ፣ በየሠርጉ እንሶስላ ስሞቅ ያደግኩት…

አንድ ሰዓት ተኩል። የዘገየችው በኔ ነው።

ጥር 13

ተረፈች። ሁለት ከረጢት ደም ከደም ባንክ፣ ሦስት ከባሏና ከወንድሞቿ። አንዱ ቱቦ ተቆርጧል።

በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ዶክተር ሄኖክ ሲስተር የሻረግ ባትነቃ ኖሮ ዛሬ ሬሳ ነበር የምናስረክበው አለ። አጨበጨቡልኝ። የነቁት አማቷ ናቸው ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የክፍሉ ኃላፊነት ውድድር በሚመጣው ወር ነው… አላልኩም።

ጥር 15

ካርዷን ሳስተካክል ያ ግማሽ ወረቀት ወደቀ። በጀርባው ነው የወደቀው። ተጽፎበታል። ደቃቅ ያማረ ጽሕፈት።

«የወር አበባዋ ከቀረ ሰባት ሳምንት። ታይፎይድ አይመስለኝም። ቱቦ ላይ ያለ እርግዝና እጠረጥራለሁ። የማህፀን ሐኪም በአስቸኳይ ይያት። ሁሪያ፣ አዋላጅ ነርስ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁሉንም ነግራኝ ነበር። የቀረኝ መገልበጥ ብቻ።

ወደ ካርዱ መለስኩት። ቆይቼ አወጣሁትና ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ለምን? እንጃ። እያወቅኩ እንጃ እላለሁ።

ጥር 17

ናጅዋ ትናንት ወደ ማህፀን ክፍል ተዛወረች። ዛሬ ወይዘሮ ከድጃ አንድ ዘንቢል ብርቱካን ይዘው መጡ፣ የመርሳ ከተማ ብርቱካን። ነርሱ ሁሉ ተከፋፈለው። እርስዎ ነዎት ያዩት፣ እኔ አይደለሁም አልኳቸው። ቀስ ብዬ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

«እኔማ ምላስ ነው ያየሁ። የሮጥሽው አንቺ ነሽ። አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ» አሉና መረቁኝ። ልጄን፣ ትዳሬን፣ እጄን ሳይቀር። እጄን ሲመርቁ አንገቴን ደፋሁ፣ በትሕትና መሰላቸው።

አንድ ብርቱካን ቤት ይዤ መጣሁ። አልላጥኩትም።

ጥር 19

ስብሰባ። ያቺ ሴት የወር አበባዋ መቅረቱ ሳይጻፍ እንዴት ተላከች ተባለ። ዶክተር ሄኖክ ወረቀቱን አምጡ አለ። ካርዱ ውስጥ ተፈለገ፣ የለም። እንዲያውም በቁራጭ ወረቀት እየላኩ ነው የሚጠፋው አለ አንዱ። ሌላው ተቀበለው። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ… ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ፣ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ነው። ለጤና ጣቢያው ደብዳቤ እንዲጻፍ ተወሰነ፣ የላከችው ባለሙያ እንድትጠየቅ።

እጅ ካወጡት አንዷ እኔ ነኝ።

ጥር 24

ረዲ ምሳ ላይ እንደ ዘበት ነገረኝ። ሁሪያ የአገሩ ልጅ ናት። ደብዳቤው ደረሰ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት፣ ከማዋለጃ ክፍል አንሥተው ካርድ ክፍል አስቀመጧት። ጽፌዋለሁ ብላ ማለች አሉ፣ ማን ይስማት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለና ሹሮውን ቀጠለ። እኔ መብላት አቆምኩ። አመመሽ እንዴ አለኝ።

ጥር 25

ጥሩ ነው የሚሥቅብኝ ፈጣሪ። መርሳ ላይ ለሐብሩ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች የአንድ ቀን ሥልጠና አለ፣ ስለ ሾክ። እንዲህ ያለ ስህተት እንዳይደገም። አሠልጣኝ፣ ሲስተር የሻረግ።

የስም ዝርዝሩ ላይ ሰባተኛዋ ሁሪያ።

የካቲት 1

በጠዋት መናኸሪያ። ሚኒባሶቹ ሁሉ ጢም ብለው ይወጣሉ፣ ሜዳው ላይ ግን ሰው አልቀነሰም። ሲሪንቃ እስክንደርስ ይኼንኑ አስብ ነበር። የኦክስጅን መለኪያው ዘጠና ሰባት ማለት ይኼ ነው። ያሉት መኪኖች ሞልተዋል ይላል እንጂ ስንት መኪና ቀረ አይልም። ኦክስጅኑን የሚጭነው ደም ሆዷ ውስጥ ፈሶ አልቋል፣ የቀሩት ጥቂቶቹ ሞልተው ይሄዳሉ፣ እኔ ሞልተዋል ብዬ ደስ ይለኛል።

በዚሁ ጀመርኩ። ሃያ ስድስት ሰው። ሁሪያን ማንም ሳያሳየኝ አወቅኳት፣ ሁለተኛው መደዳ ላይ ደብተሯን ያልከፈተችው። ቀጭን፣ ጥቁር ሒጃብ። ሌሎቹ በሚኒባሱ ምሳሌ ሲሥቁ እሷ አልሣቀችም።

ከዚያ የናጅዋን ታሪክ ተናገርኩ፣ ስሟን ትቼ። ግፊቷ ይኼ፣ ምቷ ይኼ፣ እግሯ ሞቃት፣ መዳፏ ቀይ። ምንድን ነው? አልኳቸው። ኢንፌክሽን አሉ በአንድ ድምፅ። እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት አልኩ። እንሶስላውን ነገርኳቸው። አማትየዋ ያቀፉትን እግር ነገርኳቸው። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ጥሩ ትምህርት ነበር፣ ያመሰግኑኝ ነበር።

ወረቀቱን አወጣሁ። ፊቱን አነበብኩ። ገለበጥኩትና ጀርባውን አነበብኩ፣ እስከ ስሟ ድረስ። አንድ ሰዓት ተኩል የዘገየችው ይኼን ስላልገለበጥኩ ነው አልኩ። ከዚያ ደግሞ ደበቅኩት አልኳቸው።

ሻይ ዕረፍት ላይ ወደ እሷ ሄድኩ። ይቅርታ አልኳት። ዓይኔን አላየችም፣ የያዝኩትን ወረቀት ነበር የምታየው።

«አሥር ቀን ሙሉ፣ ምናልባት ሳልጽፈው ጽፌዋለሁ ብዬ ይሆን ስል ነው የከረምኩት። የራሴን እጅ ተጠራጠርኩ» አለች።

ወረቀቱን አጥፌ ያዝኩት።

«ለእኔ የነገርሽኝ ምን ያደርግልኛል፣ ሲስተር? ደብዳቤውን ለፈረሙት ንገሪ።»

ሻይዋን ሳትነካው አስቀመጠችና ወደ አዳራሹ ገባች። ልክ ናት። ይቅር ትለኛለች ብዬ ነበር እንዴ የሄድኩት?

የካቲት 2

ጠዋት ዶክተር ሄኖክ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን አኖርኩለት። መጀመሪያ በጀርባው በኩል። አነበበ። ገለበጠ፣ ደግሞ አነበበ። ይኼ የት ነበር? እኔ ጋ። ከመቼ ጀምሮ? ከጥር አሥራ አምስት።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እኔም በስልክ እሺ ብያለሁ፣ መጥቼ ማየት ነበረብኝ አለ። ቀጥሎ፣ መሳሳቱን እንረዳዋለን፣ ኪስሽን ግን ምን ብዬ ልጻፈው? አለኝ። እንደሆነው ጻፈው አልኩ።

የካቲት 9

በሦስት ቀን የተዘጋ ጉዳይ። ለእኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ ከውድድሩም ወጥቻለሁ። ኃላፊው ረዲ ሆኗል። ሊያናግረኝ አፍሮ ሁለት ቀን በሌላ በር ሲገባ ከረመ። ዛሬ ያዝኩትና የአረፋው ውል እንዳለ ነው አልኩት። ሣቀ።

ለውርጌሳ የተጻፈው ደብዳቤ ተሻረ። ሁሪያ ማዋለጃ ክፍል ተመለሰች አሉ።

ከፋኝ? አዎ፣ ከፍቶኛል። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ወንበር ነው። እንቅልፌ ግን ተመልሷል።

የካቲት 11

ናጅዋ ለቀጠሮ መጥታ ነበር፣ ከአማቷ ጋር። ኮሪደር ላይ አስቁሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የወረቀቱንም የኪሴንም። ናጅዋ መሬት መሬት አየች። ወይዘሮ ከድጃ ነጠላቸውን አጣፉ።

«ምርቃቴን አልመልስም» አሉ። «ብርቱካኑን ግን ሌላ ጊዜ ወረቀቱን ለጻፈችው ልጅ ነው የምወስድላት።»

እውነታቸውን ነው።

የካቲት 17

ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ከውርጌሳ አንዲት ሴት መጣች፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት። ግፊቷ ዝቅ ያለ፣ መዳፏ እስከ አንጓዋ እንሶስላ። ተለማማጆቹ ከበውኛል። የዓይኗን ቆብ ሳብኩ፣ ቀይ። ምላሷን አየሁ። እግሯን ነካሁ፣ ማን እንዳቀፈው ጠየቅኩ። ማንም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሜ ነካሁት። ሞቃት። ትኩሳቷ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል። ኩላሊቷ ነው፣ ኢንፌክሽን። መድኃኒቷን ጀመርን። ማታ ስወጣ ግፊቷ ተስተካክሎ ነበር።

ወረቀቷ ግማሽ ገጽ። ቅጹ ዛሬም አልመጣላቸውም። ያው ደቃቅ ጽሕፈት። ተቀብዬ መጀመሪያ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ሁለት መስመር አለ፣ አንብቤው ወደ ፊቱ መለስኩት። ታች ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለቴ ተሰምሮበት፣ «ሲስተር የሻረግ፣ ይገልብጡ» ይላል።

ያየሁት ከገለበጥኩት በኋላ ነው።