የአማቴ መቀነት በፍተሻ በር ላይ

ለተከበሩ የአውሮፕላን ማረፊያው የመንገደኞች ፍተሻ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በቀን መቶ ጊዜ የሚጮኸው የፍተሻ በርዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በነቀምቴ ጨለለቂ ክፍለ ከተማ በልብስ ስፌት የምተዳደር ሰው ነኝ። የማረፊያዎን ስም ያልጠራሁት እንዳያፍሩ ብዬ ነው፤ ሲያነቡት የራስዎ ቤት መሆኑን ያውቁታል።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተደወለልኝ። ባለቤቴ አሜን የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ እዚያ ሆስፒታል ተኝታ ነበርና፣ ሐኪሞቹ ከሰዓት በኋላ በቀዶ ሕክምና እንደሚያዋልዷት ነገሩኝ። አሜን ስልኩን ተቀብላ፣ «እናቴን ይዘህልኝ ና፤ ሳላያት እንዳልገባ» አለችኝ። አማቴን ይዤ ወደ እርስዎ ዘንድ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አንደኛ፣ ስለ መስተንግዶው ላመስግን። በቤታችን ወግ አማች የአማቱን ስም አይጠራም፤ እኔም በአራት ዓመት ትዳር አንድ ቀን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ፈታሽዎ አቶ ንጋት ግን የአማቴን መታወቂያ ተቀብለው ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስምና ዕድሜያቸውን ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ አነበቡት። እኔ የማልደፍረውን ስለ ደፈሩልኝ ዛሬ «ወይዘሮ ቀለሟ» ብዬ ለመጻፍ በቅቻለሁ። ዕድሜያቸውን ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ልጃቸውም አታውቀውም ነበር።

ሁለተኛ፣ አማቴ ሲያልፉ በሩ ጮኸ። ለመጮህ የተተከለ ስለሆነ እሱን አልከሰውም። አቶ ንጋት፣ «እማማ፣ መቀነትዎን ይፍቱ» አሏቸው። አማቴ የሚያውቁት አማርኛ ለገበያ የሚበቃ ብቻ ስለሆነ ወደ እኔ ተመለከቱ። አቶ ንጋትም ወደ እኔ ዞረው፣ «ንገራቸው እንጂ!» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ የሚስቱን እናት ፊት ለፊት እያየ «መቀነትዎን ይፍቱ» የሚል አማች በወለጋም ሆነ አባቴ በመጡበት በጉራጌ አገር ካለ እባክዎ ይጠቁሙኝ። እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ በአፋን ኦሮሞ፣ «ሰውየው ስለ ቁልፉ እየጠየቁ ነው» አልኋቸው። መቀነታቸው ጫፍ ላይ በእርግጥም የሳጥናቸውን ቁልፍ ቋጥረው ነበር። እሳቸውም ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ሠራው አናጢና ስለ እንጨቱ ዓይነት ለአቶ ንጋት በሰፊው አስረዱ። አቶ ንጋት ከዚህ ሁሉ አንድ ቃል አልገባቸውምና ትዕግሥታቸው ሲያልቅ እጃቸውን ወደ አማቴ ወገብ ዘረጉ።

አማቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። አሁን ነገሩ ያለ አስተርጓሚ ገብቷቸዋል። «ለኪ!» አሉ፤ እንቢ ማለታቸው ነው። ቀጥለውም ባለቻቸው አማርኛ፣ «ፈትሽ። ሴት ትፈትሽ» ብለው መንገደኛ ጫማ የሚያወልቅበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የጸጥታ ጥበቃና የመንገደኛ መብት እንዴት ይታረቁ ብለው የሦስት ቀን ስብሰባ ቢጠሩ እንኳ ከዚህ የተሻለ ቃለ ጉባኤ የሚያገኙ አይመስለኝም።

ሴት ፈታሽ የት እንዳሉ ጠየቅሁ። «ሻይ ወጥታለች።» መቼ ይመለሳሉ? «ስትጨርስ።» አውሮፕላኑ ሊነሣ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። አቶ ንጋትም፣ «ወይ ይፈተሹ ወይ ይቅሩ፤ ምርጫው የራሳቸው ነው» ብለው ሰፊ ነፃነት ሰጡን።

እዚህ ላይ ቀልዱን ለጥቂት ጊዜ ልተወው። ወደ አማቴ ጎንበስ ብዬ፣ አሜን እየጠበቀች መሆኗን አስታወስኋቸው። ሌላ አንድ ቃል አልጨመርሁም፤ መጨመርም አላስፈለገኝም። መሬት መሬት እያዩ መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። አቶ ንጋት ሊያስደርጓቸው ያልቻሉትን ያስደረግኋቸው እኔ ነበርሁ። እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

«ቆይ! እንዳይፈቱ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ሰማሁ። ወለቴ የሚባሉ አንዲት ነጋዴ ከሰልፉ ወጥተው ወደ ሻይ ቤቱ ሲሮጡ አየሁ፤ ብዙም ሳይቆዩ ፈታሿን ወይዘሪት ኡርጂን ከነብርጭቆአቸው ይዘው መጡ። ወይዘሪት ኡርጂ ብርጭቆውን አስቀምጠው አማቴ ፊት በርከክ አሉና፣ «ሃርሜ ኮ፣ ይፈቅዱልኛል?» ብለው በቋንቋቸው «እናቴ» እያሉ ጠየቋቸው። ወይዘሮ ወለቴ ነጠላቸውን እንደ መጋረጃ ዘርግተው ያዙ። ፍተሻው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ የአገር ደኅንነትም በዚያች ነጠላ ምክንያት የደረሰበት ጉዳት የለም።

ከሁሉም በኋላ ተሳፈርን፤ ደረስንም። አሜን ወደ ቀዶ ሕክምናው ስትገባ እጇን የያዙት እናቷ ነበሩ። ሴት ልጅ ተወለደችልን። አማቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር የሚነጋገሩት በሰው በኩል ነው፤ ለብቻችን ስንሆን እንኳ ጨቅላዋን እያዩ፣ «ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በዪው» ይላሉ።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ ጫማ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ጫማ ምን ይጻፋል።

ፍተሻን ጠላ እንዳይሉኝ። አየር ላይ ስወጣ የምፈራ ሰው ነኝ፤ ያልተፈተሸ አውሮፕላን ላይ በልመናም አልሳፈርም። የምጠይቀው ፈረቃው ሁሉ ሴት ፈታሽ እንዲኖረው፣ ለሽማግሌና ለባልቴት በሚሰሙት ቋንቋ የሚናገር ሰው እንዲመደብና አንድ መጋረጃ እንዲሰቀል ነው። መጋረጃውን እኔ በነፃ እሰፋለሁ፤ እርስዎ ቁመቱን ለክተው ይላኩልኝ።

በሩ በጮኸ ቁጥር እርስዎን በአክብሮት የማስታውስዎ፣
ወልደገብርኤል፣ ልብስ ሰፊ
ነቀምቴ

ማስታወሻ፦ አዲስ አበባ ደርሼ በማሽንዎ ያለፈውን ኮቴን ሳራግፍ ከውስጥ ኪሱ የስፌት መቀሴ ወደቀ። ለካ ስክሪኑን የሚጠብቁት ባልደረባዎም በዚያ ሰዓት የአማቴን መቀነት ለማየት ተነሥተው ቆመው ኖሯል። መቀሱን ባሉኝ ቀን መጥቼ አስረክባለሁ፤ ለእኔ ሴት ፈታሽ አያስፈልግም፣ የሚያይ ሰው ብቻ ይበቃኛል።