አንዱን ፎልደር ሁለት ብለው ለቆጠሩት ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጃችን

ክቡር ሆይ፣

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እንግዶች ሊመጡ ሲሉ፣ እርስዎ በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ይሄ ትርፍ ነው፣ ቦታ ያጣብባል» ብለው «ሰርዝ» የሚለውን ከተጫኑበት ቅጽበት ጀምሮ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ጉሮሮዎ ደህና እንደሆነ ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። ማዕከላችን የተቋቋመው በቀዶ ሕክምና ማንቁርታቸው የሚወጣ ሰዎች አስቀድመው ድምፃቸውን እንዲያስቀርጹና በኋላ የጻፉትን በራሳቸው ድምፅ የሚያነብ መሣሪያ እንዲያገኙ ነው። እርስዎ እዚህ ቤት ያለ ወረፋ የመቀረጽ መብት አለዎት፤ የት ፎልደር እንደሚቀመጡ ግን አስቀድመው ቢያስቡበት በትሕትና እመክራለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ ሌሎች አንባቢዎችም እንዲረዱት ነገሩን ላስረዳ። ድምፅ የሚያጠራው ፕሮግራማችን አሮጌ ነው፤ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር ብቻ የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ከፍቼ ፕሮግራሙን እዚያ አስቀመጥኩት። የውስጠኛው ኮምፒውተር የውጪውን ፋይሎች እንዲያይ አንድ ፎልደር ይጋራለታል። ሲጋራለት ግን ፋይሉ አይባዛም። አንድ ክፍል ሁለት መስኮት እንዳለው ማለት ነው፤ በየትኛውም መስኮት ገብተው ወንበሩን ቢሰብሩት፣ የተሰበረው ያው አንዱ ወንበር ነው። ይህን ለክብርዎ በቃል ነግሬዎታለሁ፣ በነጭ ሰሌዳ ላይም ሥዬልዎታለሁ። ሥዕሉን «ቆንጆ ነው» ስላሉልኝ አመሰግናለሁ።

ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ። እኔ ለቨርቹዋል ማሽኑ ያጋራሁት በዕለቱ የሚጠራውን ድምፅ የያዘ አንድ ትንሽ ፎልደር ብቻ ነበር፤ እሱም እንዲነበብ እንጂ እንዲነካ አልተፈቀደም። እርስዎ አንድ ቀን ሪፖርትዎን እዚያ ማስቀመጥ ቢያቅትዎ፣ የቀረጽናቸው ድምፆች በሙሉ ከነመጻፍና ከነመሰረዝ ፈቃዱ እንዲከፈቱ አዘዙ። ስቃወም «ልጄ፣ ነገር አታክብጂ፤ አብረን የምንሠራው ከሰው ጋር ነው እንጂ ከሌባ ጋር አይደለም» ብለው የይለፍ ቃሉን ተቀብለውኝ በገዛ እጅዎ ከፈቱት። በእርግጥም ሌባ አልመጣብንም። ሌባ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የወሰደውን አንድ ቦታ ያስቀምጠው ነበር።

ሁለተኛ። መጠባበቂያ ቅጂ የማስቀምጥበት ዲስክ በመሳቢያዬ ተቆልፎ ነበር። እርስዎ ያንኑ ፎልደር በውጪውም በውስጠኛውም ኮምፒውተር ላይ ስላዩት፣ ሠራተኛውን ሰብስበው «ይኸው ሁለት ቦታ አለን፤ ሦስተኛው ለምን?» ብለው አበሰሩን። ዲስኩ ከመሳቢያዬ ወጣ፤ ተጠረገ፤ በማዕከላችን የምረቃ በዓል ላይ ያደረጉት ንግግር ቪዲዮ ተጫነበት። ቪዲዮው በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል። ድምፅዎ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሦስተኛ። ማክሰኞ ዕለት በውስጠኛው ኮምፒውተር ያዩትን ፎልደር «ትርፍ» ብለው ሲሰርዙት፣ ድምፆቹ በሙሉ ከውጪውም አብረው ጠፉ። የተሰረዘ ፋይል የነበረበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ የመመለስ ዕድል አለው። ይህን ስለማውቅ ነው «እባክዎ ምንም አይንኩ፣ ኮምፒውተሩን ያጥፉልኝ» ብዬ የጮኽኩት። «እንግዳ በር ላይ ቆሞ ትጮኺብኛለሽ?» ብለው፣ ለእንግዶቹ የሚያሳዩትን ግዙፍ ፊልም እዚያው ጫኑበት። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኔ ግን ከኋላ ቆሜ የማየው ፊልሙን አልነበረም፤ የሚሞላውን ዲስክ ነበር።

እስከዚህ ያለው አለማወቅ ነው፤ አለማወቅ ደግሞ ይቅር ይባላል። ይቅር የማይባለው ቀጥሎ ያደረጉት ስለሆነ፣ ቁጥር ልሰጠው አልፈለግኩም።

ገና ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላቸውን ሰዎች ጠርተን ደግመን ቀረጽናቸው። ቀደም ያሉት መሣሪያቸውን ይዘው ሄደዋል። መሃል ላይ የቀሩት አንዲት ሴት ናቸው፤ ተቀርጸዋል፣ ማንቁርታቸው ወጥቷል፣ መሣሪያቸው ግን ገና አልተሠራም ነበር። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ ማጉያ መንገደኛ ሲጠሩ የኖሩ ናቸው። የዚህ ከተማ ሰው ፊታቸውን ባያውቅ እንኳ በእሳቸው ድምፅ ሮጦ አውቶቡስ ያልያዘ የለም።

ሲቀረጹ ያዘጋጀሁላቸውን ዓረፍተ ነገር ገፋ አደረጉና «ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው ብዬ አውቃለሁ እንዴ? ይልቅ ባሌን የምቆጣበትን ቅጂልኝ። በጽሑፍ ብቆጣው መነጽሬ የለም ይለኛል» አሉኝ። ባለቤታቸው አናጺ ናቸው፤ ከቀረጻ ክፍሉ መስታወት ወዲያ ከእኔ ጎን ተቀምጠው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቁ ነበር። ድምፃቸው ከመጠን በላይ ስለበረታ የመለኪያው መርፌ ቀዩን እየነካ ቢያስቸግረኝ፣ ሴትዮዋን ከማይኩ ፈቀቅ እንዲሉልኝ ለመንኳቸው። ምን ያህል ደካማ ድምፅ እንደነበራቸው ከዚህ ይረዱልኛል።

ምክንያቱም ክቡርነትዎ፣ አናጺው መሣሪያውን ሊወስዱ ሲመጡ ቢሮዎ አስገብተው፣ ወንበር ስበው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው የነገሯቸው ይህንኑ ነው፦ በሽታው የባለቤታቸውን ድምፅ ቀድሞ ስላደከመው ቀረጻው ሊሳካ አልቻለም፤ ምናልባት ትንሽ ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ኖሮ። ሰውዬውን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። «እኔ ነኝ ያዘገየኋት» አሉኝ። «ጉንፋን ነው፣ ይለቅሻል እያልኩ እኔ ነኝ ያዘገየኋት።»

ወደ ቢሮዎ ገብቼ እውነቱ እንዲነገራቸው ስጠይቅ «ለማዕከሉ ስም ስንል ነው፤ አንቺም ስትጠየቂ ይህንኑ ትያለሽ» አሉኝ። አልልም ስል፣ በማግስቱ በቸልተኝነት ከሥራ መታገዴ ተነገረኝ፤ የቀረጻ ክፍሉም ቁልፍ ተቀየረ። ያን ሁሉ ድምፅ ወለል አድርጎ የከፈተ እጅ፣ በመጨረሻ አንድ ነገር መቆለፍ በመቻሉ እንኳን ደስ አለዎት።

የእንጨት ሥራ ቤታቸው ድረስ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰውዬው መላጊያቸውን አስቀምጠው እንጨቱ ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ግን ስልካቸው ላይ ጽፈው አሳዩኝ፦ «ድምፄ ደካማ ነበር? የእኔ? ሰውዬው መጥቶ ፊት ለፊቴ ይበለው!» በራሳቸው ድምፅ ምትክ ከመሣሪያው ጋር የሰጠናቸው የማናውቃት የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ ነው። እሳቸው ከጓዳ ሆነው በመሣሪያው ሲናገሩ፣ ባላቸው እስካሁን እንግዳ የመጣ እየመሰላቸው ወደ በሩ ይዞራሉ።

ይህን ደብዳቤ ያወጣሁት በሁለቱም ፈቃድ ነው። እንዲያውም ሴትዮዋ አንብበው «ለሰለሰ» ብለውኛል።

አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ለሚያይ ብሩህ ዓይንዎ፣ አንድን ጥፋት ወደ ሌላ ሰው ለሚያሻግር ቀልጣፋ እጅዎ፣ ሐዘንተኛን ወንበር ስቦ ለሚዋሽ ለስላሳ አንደበትዎ ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥሩ መጠባበቂያ ቅጂ እመኝልዎታለሁ።

በእርስዎ ትእዛዝ ከሥራ የታገደችው፣
የማዕከሉ የድምፅ ቀረጻ ባለሙያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጠበቃዎ «ስም ማጥፋት» ሊሉት እንደሚችሉ ሰምቻለሁ። ስምዎን የትም አልጻፍኩም፤ እርስዎ ራስዎ እንደ ልማድዎ ካላጠፉት በስተቀር ደህና ይኖራል። እገዳዬን ቢያጸኑት እከራከራለሁ፤ ብሸነፍ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፤ ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። ከእንግዲህ የማልቀበለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አናጺው፣ እኔ እውነቱን ብነግራቸውም እንኳ፣ ሚስታቸውን በማዘግየታቸው ድምፃቸውን እንዳሳጧቸው እየጠረጠሩ አንድ ቀን እንኳ እንዲያድሩ አልፈቅድም። እርስዎ ሄደው «እኔ ነኝ የሰረዝኩት» እስኪሏቸው ድረስ፣ የእርስዎን ሌላ ምንም ቃል፣ ይቅርታም ቢሆን፣ አልቀበልም።