ያልተመለሰ ወንፈል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ደመናው አልሄደም። ዛሬ በአንድ ዓይኔ ሰሌዳውን፣ በአንድ ዓይኔ መስኮቱን እያየሁ ነው ያስተማርኩት። አሥራ አንደኛ ክፍሎች የማምረቻ ግብዓቶች ላይ ደርሰዋል። ሠንጠረዥ ሠራሁላቸው፦ ለመሬት ኪራይ፣ ለጉልበት ደመወዝ፣ ለካፒታል ወለድ፣ ለሥራ ፈጣሪ ትርፍ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ወንፈልስ? ጉልበት ነው፤ ደመወዝ ግን የለውም።" ሰው ዛሬ ለጎረቤቱ አጭዶ ነገ ጎረቤቱ ቢያጭድለት፣ ገበያ ውስጥ ስላልገባ አይቆጠርም አልኳት። ደወሉ አዳነኝ። ልጅቷ መልሱ አልገባትም፤ ወይም ገብቷት አልተቀበለችውም።

ከትምህርት በኋላ እምዬ ጋ ደወልኩ። እንደ ቢቸና ሞጣም ዳምኗል። ጤፉ ደርሷል፤ ዝናብ ከመታው ተኝቶ ይረግፋል። አባቴ ከሞተ ሁለት ወሩ ነው፤ ያ ማሳ የመጨረሻ የዘራው ነው። እምዬ "ሰዎቹ ዓርብ ይመጣሉ፣ አትጨነቂ" አለችኝ። የትኞቹ ሰዎች ብዬ አልጠየቅኩም። ሁልጊዜ እንዲህ ናት፤ ቤቷ እያፈሰሰም ደህና ነኝ ነው የምትለው። ለሞተ ሰው ማሳ ማን ማጭድ ይዞ ይመጣል?

ሞጣ አንድ ደላላ አውቃለሁ። ለነገ አምስት የቀን ሠራተኛ አገኘልኝ፤ ክፍያውን በስልክ ላክሁ። ለእምዬ አልነገርኳትም። ብነግራት እንቢ ትላለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ጤፉም ታጨደ! ደላላው ነው የነገረኝ፤ ጨርሰው ከምረውታል። የከፈልኩት ጫማ ልገዛበት ያስቀመጥኩት ነበር። የመረጥነው ነገር ዋጋው የተውነው ነው እያልኩ አይደል የማስተምረው? የተውኩት ጫማ ነው። ጫማ ይቆይ።

ቀኑን ሙሉ ብልጥ ነኝ እያልኩ ዋልኩ። እምዬ ጋ ስደውል "እሺ፣ ደህና" ብላ ዘጋችው። ኔትወርክ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አታነሳም።

ሰማዩ ጠርቷል። አንዲት ጠብታ ሳትጥል ደመናው እንዳለ ሄደ።

ዓርብ፣ ኅዳር 17

እምዬ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አያ ውቤ፣ የአባቴ የወንፈል አለቃ፣ ስምንት ሰው አስከትለው መጡ። ማጭዳቸውን ስለው። በሐምሌ አባቴ አለሙ በሬዎቹን ጠምዶ ከእነሱ ለሦስቱ ጤፍ አርሶላቸው ነበር፤ ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቀን። የራሱን ማሳ ብቻውን ዘርቶ፣ ተራው ለእሱ ሳይደርስ ተኛ፣ ሳይነሳም ቀረ። ከቀብሩ መልስ የአለሙን ቀን በአጨዳ እንመልሳለን፣ ሚስቱም ከወንፈሉ አትወጣም ተባብለው ነበር። እምዬ ረቡዕ ቅጥረኞቹን ማስቆም አልቻለችም፤ ጠላዋን ግን ጠምቃ ነበርና አፍራ ጠበቀቻቸው። እነሱ ግን ማሳውን ተላጭቶ አገኙት። ቤት አልገቡም። አያ ውቤ ለእምዬ አንድ ነገር ብቻ አሏት፦

"የአለሙን ቀን ለማን እንመልስ?"

ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

እምዬ ይህን ነገረችኝና "ልጄ፣ ከሰው አወጣሽኝ" አለች።

እኛ አገር በወንፈል ላይ ቅጥር ያስገባ ሰው ከወንፈል ወጥቻለሁ ማለቱ ነው። ማን ሊያስረዳኝ ነው? እዚያው አይደል ያደግኩት። ዐውቀዋለሁ፤ ግን መጽሐፉ ውስጥ "ልማዳዊ" የሚል ርዕስ ሥር አስቀምጬ ረስቼዋለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። መምህራን ክፍል ውስጥ አለቀስኩ። ጉንፋን ነው አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18

የሰኞ ክፍለ ጊዜዎቼን ባልደረባዬ ይሸፍንልኛል። ወደ ሞጣ ስሄድ ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ተንፍሶ ሁለት ሰዓት ቆምን። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የተውኩትን በትክክል ጻፍኩ፦

ጫማ (ይኼ ምንም አይደል)።
የእምዬ ተራ።
መንገድ ላይ ሲያገኟት የሚሰጧት ሰላምታ።
አባቴ እያሳለ ያረሳቸው ሦስት ቀኖች።

የመጨረሻው ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን ዘጋሁ። ከእሱ ጉልበት እዚህ ምድር ላይ የቀረው ያ ብቻ ነበር፤ እኔ በስልክ ሰረዝኩት።

እምዬ እግሬን አጠበችኝ፣ ሽሮ አቀረበችልኝ፣ አብራኝ ግን አልቆረሰችም። ጋኑ እንደ ሞላ ነው። ከጠላው ቀድቼ ጠጣሁ። መኮምጠጥ ጀምሯል።

እሑድ፣ ኅዳር 19

ገብርኤል ነው። አብረሽኝ ሽማግሌው ጋ ነይ ብላት እምዬ እንቢ አለች። ያፈረሰ ይሥራው ነው ነገሩ። ከቅዳሴ በኋላ አያ ውቤን ዋርካው ሥር አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ስለ ደመናው ነገርኳቸው፤ ፈርቼ ነው፣ እናቴም አታውቅም ነበር አልኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

"የኔ ልጅ፣ ደመናውን እኛም አይተነዋል" አሉ።

ስድሳ ዓመት ያን ሰማይ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓርብ ያሉት ዐውቀው ነው። እኔ ግን ከእሳቸው ይልቅ የቢቸናውን መስኮት አመንኩ።

ልነሳ ስል ነገ የእሳቸው ማሳ እንደሚታጨድ ተናገሩ። ነይ አላሉኝም። አትምጪም አላሉኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 20

የአባቴን ማጭድ ከግድግዳው አወረድኩ። እጀታው በእሱ እጅ ልክ ተበልቷል፤ በእኔ እጅ ይዞራል። ስደርስ አጫጆቹ ተሰልፈው ጀምረዋል። አንዱ ፈንጠር ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

ሰልፉ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። ወገቤ! ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ማጭድ መያዝ እንዲህ ነው። ጎኔ ያለው ሰውዬ የራሱን እያጨደ የእኔንም ሳያየኝ ከግማሽ በላይ ወሰደልኝ። መዳፌ ውኃ ቋጥሮ ፈነዳ። ምሳ ላይ ዋንጫው መጨረሻ ደረሰኝ። ቢሆንም ደረሰኝ።

ሥራው ሲያበቃ አያ ውቤ ነዶ እያሰሩ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "የእናንተ መታጨዱስ ታጨደ። ውቂያው ግን አለ" አሉ። እኔም እንመጣለን ማለትዎ ነው ወይ ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ቤት ገብቼ ለእምዬ ቃል በቃል ነገርኳት። ተነስታ ከጎተራው ገብስ ሰፈረች፤ ለብቅል ዘፈዘፈችው። ውቂያው ጥር ነው፣ ገና ነው እኮ አልኳት። ማልቀሷን ያየሁት እጇን ስታደራርቅ ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ ስታለቅስ ሳያት ይኼ የመጀመሪያው ነው። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ አለቀስኩ።

ነገ ወደ ቢቸና እመለሳለሁ። ሠንጠረዡ ላይ ለዚያች ልጅ አንድ መስመር እጨምራለሁ፤ ከወንፈል ትይዩ ምን እንደምጽፍ ግን አላውቅም። ይመጡ እንደሆነም አላውቅም። ከመጡ አባቴ ገና ሦስት ቀን አለው።